በረዶ የተሰማው ጥርሴ

ትናንት ጥርሴን አመመኝ። በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ከዚህ የተሻለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። የጥርስ ሐኪሙ የክትባት መድኃኒት ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ የጥፍር ያህል በረዶ አስመጣና በጥጥ ይዞ መጀመሪያ ጤነኛውን ጥርሴን ነካው። ቀዘቀዘኝ፤ እጄን አነሣሁ። ሲሰማሽ እጅሽን አንሺ ብሎኛል። ቀጥሎ በረዶውን ወደ ተጎዳው፣ ወደ ግራው የላይ የፊት ጥርሴ ወሰደው። ይህንኑ ነገር ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞክሮታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥርሴ የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብሏል። ትናንት ግን ከጥርሴ ጫፍ ተነሥቶ እስከ አፍንጫዬ ሥር የሚወጋ ነገር ሽው ብሎ ወጣ። እጄን ማንሣቱን ረስቼ የሐኪሙን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለ። ያወቀ ይመስለኛል፤ ከአፌ መስማት ፈልጎ ነው።

«አመመኝ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

ወደ እናቴ ዞረ። «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ልጅዎን አሟታል።»

እናቴ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና «አልሐምዱሊላህ» አለችና አለቀሰች። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉንጫቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንዲት ሴት አንገታቸውን አስግገው ያዩን ነበር። «ልጇን አመማት ተብላ እልል ለማለት የምትደርስ እናት ዛሬ ገና አየሁ። እኔን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመኝ ባሌ ዞሮ ተኛ» አሉ።

ማመሙ ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ አልሞተም ማለት ነው። ነርቩ ካልሞተ ጥርሴ አይጠቁርም፣ አይበሰብስም፣ አይነቀልም። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅነው ይህችን አንዲት ሕመም ነበር።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ የሆሳዕና ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። እናቴ የአንጋጫ ልጅ ናት። ቤታችን በሀዲይኛ ይወራል፤ እናቴና እህቷ ሲገናኙ በከምባትኛ ይቀልጣል፤ ትምህርት ቤት በአማርኛ ነው። ጥር ላይ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመቱ ሲዘጋ አንጋጫ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ልጅ የላትም፤ ስለዚህ እኔ ስሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ይነገረዋል።

የሄድኩት እንሰት በሚፋቅበት ሳምንት ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው ሰፊ ጣውላ ከቆመ እንሰት ጋር አጋድመው ያስራሉ፤ ከግንዱ የተላጠውን ወፍራም ሽፋን ጣውላው ላይ ይዘረጉና መሬት ቁጭ ብለው፣ በአንድ እግራቸው ከላይ ጠምደው ይዘው፣ በቀርከሃ ወደ ታች ይፍቁታል። ሥጋው ለቆጮ ይወርዳል፤ ጭረቱ ቃጫ ሆኖ በእጅ ይቀራል። ከተማ ያደግሽ ምን ታውቂያለሽ እንዳይሉኝ ጣውላዬን ራሴ አሰርኩ። ያሰርኩት በእርጥብ ቃጫ ነው። አንዷ ጎረቤት ቋጠሮዬን አይታ «ይሄ የጫማ ማሰሪያ ነው ወይስ የጣውላ?» ብላ ስቃ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ሦስተኛውን ሽፋን ስፍቅ ቋጠሮው ለቀቀ፤ ጣውላው በሙሉ ክብደቱ ወደ ፊት ወደቀና ጠርዙ አፌን መታኝ።

ደሙ ብዙ ነበር። ሲታጠብ ግን የጠፋ ጥርስ የለም፤ ሁሉም አለ። የግራው የፊት ጥርሴ ብቻ ወደ ኋላ፣ ወደ ላንቃዬ ተገፍቶ ጋደል ብሏል። አክስቴ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ንቅንቅ አይልም።

«ይኸው ጠንክሮ ቆሟል፤ ያልተነቃነቀ ጥርስ ምን ይሆናል?» አለች። ሴቶቹም እውነቷን ነው አሉ። የሚያስፈራው የሚነቃነቀው ነው ብለን ሁላችንም አመንን።

ከዚያ አክስቴ የዋህ ልቧ ያዘዛትን አደረገች። እኛ ዘንድ በየቤቱ ጓሮ ለስብራት ተብሎ ለብቻው የሚተከል የእንሰት ዓይነት አለ። ሰው እጁ ወይ እግሩ ሲሰበር የዚያ እንሰት ሥር፣ አሚቾው፣ ተቀቅሎ በቅቤ ይበላል፤ አጥንት ቶሎ ያገናኛል ይባላል። አክስቴ አንዱን ነቅላ ቀቀለችልኝ። ለስላሳ ነው፤ ለአፌም ተስማማኝ፤ ቅቤውን አልሰሰተችም። ሁለት ቀን እሱን እየበላሁ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ሰምታ ከሆሳዕና መጣች። አፌን አስከፍታ አየችና ዝጊው አለችኝ። አልተዘጋም። የተገፋው ጥርስ ከታችኛው ጋር ቀድሞ እየተጋጨ ሌሎቹ አይገጥሙም።

«ምን እየበላች ነው?» ብላ እህቷን ጠየቀች።

«አሚቾ።»

«የትኛውን አሚቾ?»

«የስብራቱን ነዋ።»

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ቦታው ሳይመለስ?»

አክስቴ የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ወጌሻ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ከዚያ ይታሰራል፤ የስብራቱ አሚቾ የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተበላ አጥንቱ እንደተጣመመ ይጠገናል። አክስቴ ለእግር ቢሆን በሕልሟም አትሳሳትም። ጥርስ ግን አጥንት ውስጥ የተተከለ መሆኑን፣ እሱም ከቦታው እንደሚወልቅ ያሰበ አልነበረም።

«እንግዲያው ገበያ ያለው ጥርስ ነቃይ ይንቀላትና እንገላገል፤ ተጣሞ ከሚቀር» አለች አክስቴ።

ጥርስ ነቃዩን በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ጉጠቱን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ትራስ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

«በአሥራ አምስት ዓመቷ የፊት ጥርሷን?» አለች እናቴ። «ተነሺ አንቺ። ሳይጠገን እንደርሳለን።»

ያን ጊዜ እናቴ ስትሮጥ የነበረው ከአሚቾው ጋር ነው። በሕዝብ ላንድሮቨር ታጭቀን ሆሳዕና ስንገባ በየመንገዱ ሁሉ «ያዝ አድርጎት ይሆን?» እያለች ከንፈሬን ገለጥ ታደርግ ነበር። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጅቷ በቅሎ ናት እንዴ፣ ጥርሷን አይተሽ ዕድሜዋን የምታውቂ?» አሏት። እናቴ አልሳቀችም።

በማግስቱ ለነፃ ሕክምና የቀበሌ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ይዘው «ጓዲት፣ ሕመሙ በትክክል ምንድን ነው?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ማኅተሙን መቱ።

የጥርስ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ አንድ የብረት ባልዲ። ከኛ በፊት የገቡት ሰው ሲታከሙ ባልዲው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ሲወድቅ ከውጭ ሰማሁ። ስለዚህ ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አፌን ዘጋሁ፤ ማለትም የሚዘጋውን ያህል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ። አልተቆጣኝም። በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «እሺ፣ እኔ ልጀምር» ብሎ የራሱን አፍ ከፈተ። ከላይ የፊት ጥርሶቹ አንዱ አመድ ይመስላል።

«ልጅ ሆኜ ኳስ ስንጫወት በክርን ተመታሁ። ወደ ውስጥ ገባ። እቤት አይነቃነቅም፣ ደኅና ነው ተባለ። ነርቩ ውስጥ ውስጡን ሞተ። አሁን የሰው ጥርስ ሳይ የማየው የራሴን ነው። ያንቺን ልየው?»

ከፈትኩ።

መጀመሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም። «አየህ፣ ጠንካራ ነው» አለች እናቴ። «እሱ ነው የሚያሳስበኝ» አለ። ቀጥሎ የትንሿን መስታወት እጀታ ገልብጦ ጤነኛ ጥርሶቼን አንድ በአንድ መታ መታ አደረጋቸው። ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያላቸው፤ በር ላይ በጣት እንደሚመታ። የተገፋውን ሲመታው ግን ቅንን አለ፤ የቆርቆሮ ኩባያ በማንኪያ የተነካ ይመስላል። በራሴ ጭንቅላት ውስጥ ሰማሁት።

«ሰማሽው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ደኅናው ጥርስ በሥሩ ዙሪያ ስስ ትራስ አለው፤ ለዚያ ነው ድምፁ የሚደፈነው። ያንቺ ሥሩ ከትራሱ ወጥቶ አጥንቱ ውስጥ ተቀርቅሯል። ለጥርስ የሚሆን ራጅ እዚህ የለኝም፤ ራጄ ጆሮዬ ነው።»

ከዚያ ድዴን ከላይ ዳሰሰ። ጥርሱ ከታች ወደ ኋላ ሲሄድ ሥሩ ወደ ፊት ወጥቶ ድዴ ሥር እንደ ባቄላ አብጧል። አስነካኝ። እዚያ እንደነበረ ሦስት ቀን ሙሉ አላወቅኩም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጣት ተዳስሶ፣ በጆሮ ተሰምቶ እንደሚታወቅ ሳይ፣ ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ነው የሚለው ጉጉት ያዘኝ።

የማደንዘዣውን መርፌ ወጋኝ። ከንፈሬ የኔ መሆኑን ሲያቆም አንድ ጣቱን ባቄላው ላይ፣ አውራ ጣቱን ከጥርሱ ጀርባ አድርጎ በመጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ገፋው። ቀጭ አለ።

«ሰበርከው?» አለች እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ።

«አስገባሁት። አሁን ግጠሚ።»

ገጠምኩ። ጥርሶቼ ሁሉ ተገናኙ። ሦስት ቀን የተለየኋቸው ናቸው፤ አንድ በአንድ በምላሴ ሰላም አልኳቸው። ሐኪሙ በቀጭን ሽቦ ጥርሴን ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር አሰረው፤ ጫፎቹን ጠምዝዞ አጠፋቸው። ቋጠሮውን በመስታወት ሳየው የኔ የቃጫ ቋጠሮ ትዝ አለኝና ከንፈሬ ደንዝዞም ሳቅኩ።

እናቴ ግን የያዘችውን ጉዳይ አልለቀቀችም። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሁለት ቀን የስብራት አሚቾ በልታለች። ቦታው ሳይመለስ።»

እሱ አሚቾን አያውቅም። እናቴ በዚያ ከምባትኛ በሚሸተው አማርኛዋ ከተከላው እስከ ቅቤው አስረዳችው፤ ወጌሻውን፣ ማሰሩን፣ ቅደም ተከተሉን። እሱም ሳያቋርጥ አዳመጠ።

«እናቴ፣ እኛም የተማርነው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ ማሰር፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። አሚቾው ጥርሷን እንዳጣመመው እኔ አላውቅም። ቀኑ ግን ያጣምማል፤ ሳምንት ብትቆዩ በጣቴ አልመልሰውም ነበር። መሮጥዎ ጠቅሟታል። አሁን ያብሏት፤ አሚቾም፣ የቡላ ገንፎም።»

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሙን የሚነካ ሰው ካለ ትጣላለች።

ሽቦው አራት ሳምንት ይቆያል፤ በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ፤ በለስላሳ ብሩሽ አጽጂው፤ በምላስሽ አትግፊው አለኝ። ሲጨርስም ለቀልድ «ወሬም ቀንሺ» አለ። እናቴ ቀልዱን ሕግ አደረገችው። አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ጥርስሽ» ትላለች። አባቴ ደግሞ ከመንገድ ሲመለስ ቤቱ ፀጥ ብሎ አገኘውና «ሐኪሙ አራት ሳምንት ብቻ ነው ያለው? ዓመት አይሞላም?» አለ።

መናገር ሲከለከል መጻፍ ጀመርኩ። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይዤ መጀመሪያ «ውኃ ስጡኝ»፣ «ጨው በዛ» ብቻ ነበር የምጽፈው። ቀስ በቀስ ግን ከተናገርኩት ይልቅ የጻፍኩት እንደሚያስቅ አየሁ። አባቴ አንዷን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበባት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ሽቦዬን አይተው «ሬዲዮ፣ አንቴናሽ ወጥቷል፤ ዜና አሰሚን» አሉኝ። ደብተሬን ገልጬ «ጣቢያችን ለጊዜው የሚያሰራጨው በጽሑፍ ነው» ብዬ ጻፍኩና አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ «የዛሬው ዜና የታለ?» የሚሉት እነሱ ሆኑ። የአማርኛ መምህራችን ደብተሩን ከልጆቹ እጅ ቀምተው ወሰዱት። ቅጣት ስጠብቅ በማግስቱ መለሱልኝ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ «ቀጥዪ» የሚል ብቻ ነበር። ይኸው ቀጥያለሁ።

አክስቴ በሁለተኛው ሳምንት ቡላ ተሸክማ መጣች። ገብታ አልተቀመጠችም፤ በሩ ላይ ቆመች። ፊቴን ማየት አልቻለችም። አክስቴ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ ግን ከመማሪያው መጽሐፍ ውጭ የሰው ጽሑፍ አንብባ አታውቅም። በከምባትኛ፣ በትልልቁ ጽፌ ሰጠኋት። በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ብዙ ቆይታ አነበበችው፦ «አክስቴ፣ ቋጠሮው የኔ ነበር።»

«ቋጠሮው ያንቺ፣ አሚቾው የኔ» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ግን «ጥርሱ ከሞተስ?» አለች። ደብተሩን ዘግቼ ቡላውን ተቀበልኳት።

ሽቦው ሲፈታ ጥርሴ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐኪሙ መታ አደረገው፤ ድምፁ ድፍን ሆኗል፤ ትራሱ ተመልሷል። በረዶውን ሲያስነካው ግን ምንም። ከጀርባው በባትሪ አበራበት፤ ከጎረቤቱ ትንሽ ጨለም ይላል። «አንዳንዱ ወራት ይፈጃል» አለ። «አንዳንዱስ?» አልኩት። በምላሱ የራሱን አመድ ጥርስ ነካ አደረገ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አባቴ መኪናውን ሳያስነሣ በጎን መስታወቱ ጥርሴን አያለሁ። የጠቆረ የመሰለኝ ቀን ትምህርት አይገባኝም። ከምንጭ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ በአፌ እይዛለሁ፤ ቀኙ ይንዘፈዘፋል፣ ግራው ዝም። አባቴ አንድ ቀን መሪውን እንደያዘ «መስታወቱን በማየት ጨረስሽው፤ ዱራሜ ድረስ ኋላዬን ሳላይ ልሂድ?» አለኝ። ግን ሳልጨርስ አስነሥቶ አያውቅም።

ትናንት የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ወሬው ዛሬ ወደ አንጋጫ በሚሄድ ሾፌር እጅ ተልኳል፤ በትልልቁ ፊደል፣ ሦስት ቃል ብቻ፦ «አክስቴ፣ ጥርሴን አመመኝ።» አክስቴ ማንንም ሳታስነብብ ራሷ ታነበዋለች።

ሐኪሙ ገና ዓመት እስኪሞላ እየመጣሽ ታሳዪኛለሽ ብሎኛል። ልንወጣ ስንል ደብተሬን ጠየቀኝ። ቆሞ ሁለት ገጽ አነበበና «ለምታስነብቢያቸው ሁሉ መልእክት አለኝ፤ አድርሺልኝ» አለ። እንዳለው አደርሳለሁ።

ጥርሳችሁ ተመትቶ ከቦታው ቢሄድ፣ ባይነቃነቅም ደኅና ነው አትበሉ። የዚያኑ ቀን ኑ። ጨርሶ ከወለቀ ደግሞ አትጣሉት፤ ሥሩን ሳትነኩ በጫፉ ያዙትና ወተት ውስጥ አድርጋችሁ በፍጥነት አምጡት። የገበያው ጥርስ ነቃይም ይምጣ ብሏል፤ የሚነቀለውንና የሚመለሰውን እንዴት እንደሚለይ መታ መታ አድርጎ ያሰማዋል። የስብራቱን አሚቾ ለመልስ ጉዞ አቆዩት፤ ይህ የእናቴ ጭማሪ ነው።

እሱ በየቀኑ አለ። እኔ ረቡዕ ጠዋት ትምህርት የለኝም፤ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ። አፋችሁን ለመክፈት ከፈራችሁ ኑና አጠገቤ ተቀመጡ። መጀመሪያ እኔ እከፍትላችኋለሁ።